የቤት ለቤት አገልግሎት ፍራንቻይዝ ዩኒፎርም እንዴት ይመረጣል?

አዲስ የፍራንቻይዝ ቅርንጫፍ፣ ማለትም በዋናው ድርጅት ስምና አሠራር በውል የሚሠራ ቅርንጫፍ፣ የሚከፍት ሰው ዩኒፎርም ሲባል ቶሎ የሚመጣበት ቀለምና ሎጎ ነው። እሱ ጉዳይ ግን ብዙውን ጊዜ በእጁ አይደለም። ሎጎውን ዋናው ድርጅት ሠርቶታል፤ ቀለሙንም መርጦታል። ለቅርንጫፉ ባለቤት የሚቀረው ጨርቁ፣ ልኩ፣ ብዛቱና እጥበቱ ነው። ገንዘብ ሳይታወቅ የሚያልቀው፣ ሠራተኛም የሚያማርረው እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ እዚህ ፎቶ ላይ ስለሚያምር ልብስ ብዙም አናወራም። የምናወራው ቧንቧ የሚጠግን፣ ቤት የሚያጸዳ፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ግቢ የሚያሳምር ወይም ተባይ የሚያጠፋ ሰው ጠዋት ለብሶት ወጥቶ ማታ ሳይሳቀቅ ስለሚመለስበት ልብስ ነው።

1. መጀመሪያ ውሉንና የብራንድ መመሪያውን ይክፈቱ

ለአቅራቢ ከመደወልዎ በፊት ሁለት ሰነዶች ጠረጴዛዎ ላይ ይኑሩ፤ የፍራንቻይዝ ውሉና የብራንድ መመሪያው። መመሪያው የሎጎውን መጠን፣ የሚቀመጥበትን ቦታና የቀለሙን ቁጥር ይነግርዎታል። የቀለም ቁጥር ያልኩት ፓንቶን የሚባለውን፣ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቁጥር የተሰጠበትን መለያ ነው። «ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሁንልኝ» ብሎ ማዘዝ አያዋጣም። የእርስዎ ሰማያዊና የልብስ ሰፊው ሰማያዊ አይገናኙም።

ውሉ ውስጥ ደግሞ የእነዚህን መልስ ይፈልጉ፦

- የሚገዛው ከተፈቀደ አቅራቢ ብቻ ነው ወይስ ከፈለጉበት?
- ዋናው ድርጅት ሎጎውን ቢቀይር አሮጌውን እስከ መቼ መልበስ ይቻላል? የአዲሱን ወጪስ ማን ይችላል?
- መመሪያው ውስጥ የሌለ ልብስ፣ ለምሳሌ የዝናብ ጃኬት ወይም ለነፍሰ ጡር የሚሆን ሱሪ፣ ሲያስፈልግ ፈቃዱ እንዴት ይገኛል?
- ቅርንጫፉ ቢሸጥ ወይም ቢዘጋ ሎጎ ያለበት ልብስ ምን ይሆናል?

ሁለተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሎጎው ሊቀየር ነው የሚል ወሬ ካለ የሁለት ዓመት ልብስ በአንዴ ማዘዝ ገንዘብ መበተን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በስልክ «እሺ፣ ችግር የለውም» መባል ፈቃድ አይደለም። የናሙናውን ፎቶ ይላኩ፣ መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። ስልኩን ያነሳው ሰው ነገ ሥራ ሊቀይር ይችላል።

2. ልብሱን ለከባዱ ቀን ይምረጡ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ከሠራተኞችዎ ጋር ቁጭ ይበሉ። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ልብሳችሁ ቶሎ የሚበላሸው የቱ ጋ ነው? በምን ምክንያት?» የሚሰጡዎት መልስ ከየትኛውም ካታሎግ ይበልጣል። ልብሱ መመረጥ ያለበት ለቀላሉ ቀን ሳይሆን ለከባዱ ነው። ሥራውም ከሥራ ይለያያል።

ቧንቧ ሠራተኛ የቀኑን ግማሽ የሚያሳልፈው ተንበርክኮ ነው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ድርብ ጨርቅ ይፈልጋል። ከተቻለም የጉልበት ስፖንጅ የሚገባበት ኪስ ይኑረው። የደረት ኪሱ ክዳን ያለው ይሁን። ክዳን በሌለው ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ፣ ባለቤቱ የመጸዳጃ መቀመጫ ላይ ጎንበስ ሲል የት እንደሚገባ መንገር አያስፈልግም።

የጽዳት ሠራተኞች ጠላት በረኪና ነው። ጠቆር ያለ የጥጥ ልብስ ላይ አንድ ጠብታ ካረፈች ብርቱካናማ ነጥብ ትታ ትሄዳለች። በምንም አትለቅም። ፖሊስተር የበዛበት ጨርቅ በረኪናን ከጥጥ በተሻለ ይችላል። እጅጌው ባልዲ ውስጥ የሚነከር ረጅምና ሰፊ አይሁን። አጠር ያለ ወይም ተጠቅልሎ በቁልፍ የሚያዝ ይሻላል።

ኤሌክትሪክ ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ላይ ልብስ የሰው ቆዳ ጉዳይ ነው። ፖሊስተርና ናይለን ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ይቀልጣሉ፤ የቀለጠው ደግሞ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ አይቀልጥም፤ ግን ይቀጣጠላል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ፍንዳታ ወይም ብልጭታ ስጋት ላለበት ሥራ ተራ ጥጥም አይበቃም። እሳት እንዲቋቋም ተብሎ የተሠራ ጨርቅ ያስፈልጋል። መለያው ላይ የሚፈልጉት ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኢሲ (IEC) 61482 ነው። ለተራ ሙቀትና ነበልባል ደግሞ አይኤስኦ (ISO) 11612 የሚባል ደረጃ አለ። ከላይ ይህን አልብሰው ከሥር የፖሊስተር ካናቴራ ከፈቀዱ ግን ዋናውን ነገር አበላሹት። የውስጡም ልብስ የማይቀልጥ መሆን አለበት። ያልተሸፈነ የብረት ዚፕ፣ የብረት ቁልፍ፣ የአንገት ሐብል አይፈቀድም።

ግቢና አትክልት የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው። ቀጭን ነጭ የጥጥ ቲሸርት ፀሐይን ያን ያህል አይከለክልም። በላብ ሲረጥብ ደግሞ ይብስበታል። ዩፒኤፍ (UPF) 50 የሚል መለያ ያለው ጨርቅ ቆዳን ከሚጎዳው የፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚያሳልፈው ከ50 አንዱን ብቻ ነው። ቀለል ያለ ረጅም እጅጌና ዙሪያውን ክንፍ ያለው ኮፍያ ይጨምሩበት። መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር የሚሠሩ ከሆነ አንጸባራቂ ሰደርያ የግድ ነው። ደረጃው አይኤስኦ 20471 ነው።

ተባይ የሚያጠፉ ሰዎች ጉዳይ የሚጀምረው ልብሱ ከወለቀ በኋላ ነው። ኬሚካል የነካው ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አንድ ማሽን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የእነሱን ዩኒፎርም ገና ሲያዝዙ ቅያሪ ልብስ፣ መለወጫ ቦታና ለብቻ የሚታጠብበትን መንገድ አብረው ያስቡ።

የቤት ዕቃ የሚጠግን ወይም የሚያጓጉዝ ሠራተኛ ላይ የሚታየው ነገር ትንሽ ናት፤ የቀበቶ ዘለበት። ማቀዝቀዣ በሆዱ ደግፎ የሚገፋ ሰው ዘለበቱ በሩ ላይ መስመር ያሰምራል። የደንበኛው ቅሬታ፣ ካሳው፣ ይቅርታው ሁሉ ከዚያች ብረት ይመጣል። ወገቡ ላስቲክ ያለው ሱሪ ወይም ዘለበቱ የሚሸፈን ቀበቶ ነገሩን ይዘጋዋል። ቁልፎቹም የፕላስቲክ ወይም የተደበቁ ይሁኑ።

3. ጨርቁ

ሦስት አማራጭ አለ ማለት ይቻላል።

ጥጥ ለቆዳ ይመቻል፣ ላብ ይጠጣል። ግን የጠጣውን ቶሎ አይለቅም። ይሸበሸባል፣ ታጥቦ ያጥራል፣ ቀለሙም እየገረጣ ይሄዳል።

ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፣ ካውያ ብዙም አይፈልግም፣ ቀለሙን ይይዛል። ክፉ ጠባዩ ሽታ መያዙ ነው። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሳሎን ውስጥ የቆመ ሰው ላይ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ለስፖርት ተብሎ የሚሠራው ስስ ፖሊስተር ደግሞ ሻካራ ነገር ሲነካው ክሩ ይመዘዛል።

ድብልቁ ሁለቱን ያስታርቃል። በሥራ ልብስ ዓለም የተለመደው 65 በመቶ ፖሊስተርና 35 በመቶ ጥጥ ነው። እኔን ከጠየቁኝ ከእሳትና ከኤሌክትሪክ ለራቀ ሥራ ሱሪና ሸሚዝ ከዚህ ቢጀምሩ አይቆጩም። ሱሪው ላይ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚለጠጥ ክር ቢጨመርበት ሠራተኛው ይመርቅዎታል። ከዚያ በላይ መለጠጥ ግን ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሰፍቶ እንዲቀር ያደርጋል።

ቀጥሎ ክብደቱን ይጠይቁ። የጨርቅ ክብደት የሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝን ነው። ለቲሸርት ከ150 እስከ 180፣ ለፖሎ ከ180 እስከ 220፣ ለሥራ ሱሪ ከ240 እስከ 300 ግራም ጥሩ መነሻ ነው። ሻጩ ክብደቱን ካላወቀው ወይም «ወፍራም ነው፣ አይዞዎት» ብሎ ካለፈው ሌላ ሻጭ ይፈልጉ። ሞቃት አካባቢ ላይ ዝቅ ያለውን፣ ሻካራ ሥራ ላይ ከፍ ያለውን ይያዙ።

መለያው «ሙሉ ጥጥ» ይላል፤ እርስዎ ግን ተጠራጥረዋል እንበል። ከጨርቁ ጠርዝ ከውስጥ በኩል አንድ ክር ይምዘዙ። በብረት መቆንጠጫ ይዘው፣ ውኃ ባለበት የሸክላ ሰሐን ላይ፣ በክብሪት ይለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ግን እየተኮማተረ ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ድብልቅ ከሆነ አመዱም ፍሬውም ይኖራል። ይህ ፈተና መቶኛውን አይነግርዎትም፤ ሻጩ መዋሸት አለመዋሸቱን ግን ይነግርዎታል። ክሩን እስኪበርድ በእጅዎ አይንኩት።

4. ቀለም

መመሪያው አንድ ቀለም ብቻ ከፈቀደ ይህን ይዝለሉት። ምርጫ ከሰጠዎት ግን ቆሻሻውን ያስቡ። ሰው ጥቁር ቆሻሻ ይደብቃል ብሎ ያምናል። ጥቁር ቅባት ይደብቃል እንጂ አቧራ፣ ጂፕሰም፣ የውሻና የድመት ፀጉር፣ የሳሙና ጠብታ ሁሉ ያሳብቃል። ሲያረጅ ደግሞ ወደ ቡኒ ወይም ወደ ግራጫ ይሄዳል። ጠቆር ያለ ሰማያዊና መካከለኛ ግራጫ ከሁሉም የተሻሉ አስታራቂዎች ናቸው። ካኪ ላይ ዘይት ጎልቶ ይታያል። ነጭ ለቀለም ቀቢዎች ይሄዳል፤ ለሌላው በየቀኑ በረኪና መግዛት ነው። ፀሐይ ላይ ለሚውል ሠራተኛ ጠቆር ያለ ቀለም ሙቀት እንደሚስብም አይርሱ።

የላይኛውና የታችኛው ቀለም ቢለያይ ደስ ይለኛል። ሱሪ ሁልጊዜ ከሸሚዝ በፊት ይቆሽሻል። ጠቆር ያለ ሱሪና የብራንዱ ቀለም ያለበት ሸሚዝ ሠራተኛውን ማታም ንጹሕ ያስመስለዋል።

5. ልኩ፤ የመታጠቢያ ገንዳው ፈተና

ሰው ልብስ ሲሞክር መስታወት ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። የቤት ለቤት ሠራተኛ ግን ቀጥ ብሎ የሚቆመው በር ላይ ብቻ ነው። ሌላውን ጊዜ ጎንብሷል፣ ተንበርክኳል፣ ወይም እጁን ወደ ጣሪያ ሰቅሏል።

ስለዚህ ናሙናውን ያለበሱትን ሠራተኛ ወጥ ቤት ይውሰዱት። ከመታጠቢያ ገንዳው ሥር ገብቶ ቧንቧ እንደሚፈታ ሰው ይሁን። እርስዎ ከኋላ ይቁሙ። ሸሚዙ ወደ ላይ ሸሽቶ ወገቡ ተጋልጧል? ሱሪው ወርዷል? ደንበኛው የሚያየው ይህንኑ ነው። መፍትሔው ከኋላ በኩል ረዘም ያለ ሸሚዝ፣ ከኋላ ወገቡ ከፍ ብሎ የተቆረጠ ሱሪ ነው። ከዚያ ይውጣና ሁለት እጁን ወደ ላይ ይስቀል፤ ሆዱ ታየ? በመጨረሻ ቁጢጥ ይበል። ታፋው ላይ ስፌቱ ሲጨነቅ ካዩት ያ ሱሪ ብዙ አይቆይም። በሁለቱ እግሮች መጋጠሚያ ላይ ተጨማሪ ቁራጭ የተሰፋበት ሱሪ እዚህ ጋ ልዩነቱን ያሳያል።

ለሴት ሠራተኞች ትንሽ ቁጥር ያለው የወንድ ልብስ መስጠት የተለመደ ስንፍና ነው። ትከሻው ይሰፋል፣ ዳሌው ይጠባል፣ በቁልፎቹ መካከል ይከፈታል። በሴት አቆራረጥ የተሠራ ይዘዙ። ፀጉሯን የምትሸፍን ሠራተኛ ካለች ሻሹንም በብራንዱ ቀለም አብረው ያሠሩላት። ልብስ ላይ ያለ ማንኛውም ሃይማኖታዊ ወይም የጤና ጉዳይ በግል ቢጠየቅ ጥሩ ነው፤ በስብሰባ ላይ ማንም አይናገርም።

ልክ ሲወስዱ በግምት አይሂዱ። የአንዱ ፋብሪካ ኤል የሌላው ኤም ነው። አቅራቢው ከትንሹ እስከ ትልቁ አንድ አንድ ልብስ እንዲልክልዎ ይጠይቁ፤ ሁሉም ይሞክሩት፣ ቁጥሩን ይፈርሙበት። ይህን የሚከለክል አቅራቢ በኋላ ልብስ ሲመለስበትም አይቀበልዎትም።

ስፌቱን ለማየት ልብሱን ገልብጡት። የኪስ ጥጎች ላይ ወፈር ብሎ የተደጋገመ ስፌት መኖር አለበት። የሱሪው የጎንና የመሀል ስፌት ድርብ ወይም ሦስት መስመር ይሁን። የተንጠለጠለ ክር ብዙ ከሆነ ከላይ ያለው ቆንጆ ነገር አያታልልዎ።

6. ሎጎው እንዴት ይቀመጥ?

ጥልፍ ወይስ ህትመት? መልሱ በልብሱ ዓይነት ይወሰናል።

ጥልፍ ለፖሎ፣ ለሸሚዝ፣ ለኮፍያና ለወፍራም ጃኬት ነው። ከልብሱ እኩል ይኖራል፤ ክብርም አለው። ግን ስስ ቲሸርት ላይ ጨርቁን ሰብስቦ ያኮማትራል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሱ ፊደላትም በክር አይነበቡም፤ ይድፈነፈናሉ። ሎጎው ሥር ስልክ ቁጥርና መፈክር ካለ ለጥልፍ የሚሆን የቀለለ ቅጂ እንዲሰጥዎ ዋናውን ድርጅት ይጠይቁ። ውኃ የማያስገባ ጃኬት ላይ ደግሞ ጥልፍ አይሞከርም። መርፌው በሺህ የሚቆጠር ቀዳዳ ይከፍትበታል። ከዝናቡ ይልቅ ሎጎው ያበሰብሳል። እዚያ ላይ በሙቀት የሚለጠፍ ይሁን።

ህትመት ለቲሸርትና ለጀርባ ትልቅ ሎጎ ይሆናል። ስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ቀለሙ በወንፊት መሰል ጨርቅ አልፎ የሚታተምበት መንገድ፣ ብዛት ሲኖር ይረክሳል፤ ለጥቂት ልብስ ግን የመነሻ ወጪው አያዋጣም። በሙቀት የሚለጠፈው ለጥቂት ልብስ ይመቻል፤ ጥራቱ ዝቅ ካለ ግን ታጥቦ ታጥቦ ጠርዙ ይላጣል። ጀርባ ላይ ሰፊና ወፍራም ህትመት ማድረግ ላብ እንደማፈን ነው። ከውስጥ ይነካኩት፤ እንደ ፕላስቲክ ከተሰማዎ ሠራተኛውም ያንኑ ነው የሚሰማው።

መመሪያው መጠን ካልወሰነ የግራ ደረት ላይ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ጀርባ ላይ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት የተለመደ ነው። ለጥልፍ ማሽኑ የሚዘጋጀውን ፋይል አንዴ ከከፈሉበት የእርስዎ እንዲሆን ይስማሙ። አቅራቢ ሲቀይሩ ሁለተኛ ከመክፈል ያድንዎታል።

ስም ሲጻፍ የመጀመሪያ ስም ብቻ ይበቃል። የሠራተኛው ሙሉ ስም በየሰው ቤት መታየት የለበትም። ስሙን ልብሱ ላይ ከመጥለፍ ይልቅ የሚነቀል ባጅ ያድርጉት። ሠራተኛው ሲለቅ ሸሚዙ ለሌላ ይተርፋል።

7. ጫማ፣ ባጅና የጫማ ሽፋን

ጫማን ለሠራተኛው ምርጫ መተው ይቻላል፤ ደረጃውን ግን እርስዎ ይወስኑ። ከባድ ዕቃ ለሚያነሱ አይኤስኦ 20345 የሚል መለያ ያለው ሴፍቲ ጫማ ያስፈልጋል። ጣት ላይ ያለው መከላከያ 200 ጁል (የኢነርጂ መለኪያ) ምት እንዲችል ይፈተናል። ለጽዳት ሠራተኞች ያን ያህል ብረት አያስፈልግም። ለእነሱ የሚያስፈልገው እርጥብ ወለል ላይ የማያንሸራትት ሶል ነው፤ አይኤስኦ 20347 በቂ ይሆናል።

ፎቶ ያለበት መታወቂያ ለሁሉም ይሁን። በር ላይ የሚከፍተው ሰው የማያውቀውን ሰው ወደ ቤቱ ሊያስገባ ነው። የሚንጠለጠል ገመድ ግን ማሽን ለሚነኩ አይሆንም፤ ሲያዝ በራሱ የሚበጠስ ወይም በመቆንጠጫ ደረት ላይ የሚያዝ ይሁን። የጫማ ሽፋን በመኪና ውስጥ ሁልጊዜ ይኑር። ከሥሩ የማያንሸራትት ዓይነት ይግዙ፤ ለስላሳው ሴራሚክ ላይ ሰው ይጥላል።

8. ሳይፈትኑ አያዝዙ

የሁሉም ሠራተኛ ልብስ ከመታዘዙ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ናሙና ይግዙ። ሎጎው ጭምር ያለበት ይሁን። ከዚያ ይህን ያድርጉ፦

- ሳይታጠብ በፊት ጨርቁ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ለክተው በማይለቅ እስክሪብቶ ሁለት ምልክት ያድርጉ። አምስት ጊዜ ይጠቡት፤ ሠራተኛው ቤቱ በሚያጥብበት ሁኔታ እንጂ በልዩ ጥንቃቄ አይሁን። መልሰው ይለኩ። 48.5 ከሆነ 3 በመቶ አጥሯል፤ ደህና ነው። 47.5 ከሆነ 5 በመቶ ነው፤ ያ ልብስ ይቅርብዎ ወይም አንድ ቁጥር ከፍ አድርገው ይዘዙ።
- ነጭ እርጥብ ጨርቅ ይያዙና ልብሱን በኃይል ይሹት። ነጩ ከቀለመ የደንበኛው ነጭ ሶፋም ይቀልማል።
- ብብትና ጉልበት ላይ ስፌቱን በሁለት እጅ ይጎትቱ። ክሩ መካከል ብርሃን ከታየ ስፌቱ ሳስቷል።
- ሎጎው ዙሪያ ጨርቁ ተኮማትሮ እንደሆነ፣ ህትመቱ ሲለጠጥ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ ይዩ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሠራተኞች ይስጡ። አንዱ ሁልጊዜ የሚያማርር ይሁን። የምሬን ነው። እሺ ባዩ ሰው «አሪፍ ነው» ብሎ ይመልስልዎታል፤ ነጭናጫው ግን አንገቱ ላይ ያለው መለያ እንደሚያሳክክ፣ ሜትር ኪስ ውስጥ እንደማይቆም፣ ዚፑ መኪና ሲነዳ እንደሚወጋው ይዘረዝርልዎታል። ሁለት ሳምንት ይበቃል።

9. ስንት ልብስ፣ በስንት?

ብዛቱን ለማወቅ አንድ ቀላል ሒሳብ አለ። በሁለት እጥበት መካከል ያሉትን የሥራ ቀናት ይቁጠሩ፤ ሁለት ይጨምሩበት። አንዱ በማጠቢያው ቀን የሚለበስ ነው፤ ሌላው መኪና ውስጥ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራና በሳምንት አንዴ የሚያጥብ ሰው 8 ሸሚዝ ያስፈልገዋል። በሳምንት ሁለቴ ካጠበ 5 ይበቃዋል። ስምንት ሠራተኛ ካለዎት ልዩነቱ 24 ሸሚዝ ነው። ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት ማን፣ መቼ፣ የት እንደሚያጥብ ይወቁ። ሱሪ ንጹሕ ሥራ ላይ ሁለት ቀን ሊለበስ ይችላል፤ ከሸሚዙ ግማሽ ያህል ይበቃል። ለቆሻሻ ሥራ ግን እኩል ይሁን።

ለአዲስ ተቀጣሪ የሚሆን መጠባበቂያ በመካከለኛ ቁጥሮች ያስቀምጡ። አዲስ ሰው የመጀመሪያ ሳምንቱን በራሱ ቲሸርት ደንበኛ ቤት መሄድ የለበትም።

ዋጋን በተመለከተ፣ የአንዱን ልብስ ዋጋ ሳይሆን የአንዱን ልብሰት ዋጋ ያስሉ። አንዱ ሸሚዝ ዋጋው 100 ነው፤ 40 እጥበት ይኖራል እንበል። ሌላው 140 ነው፤ 90 እጥበት ይኖራል። የመጀመሪያው በአንድ ልብሰት 2.5 ወሰደ፤ ሁለተኛው 1.6 እንኳ አልሞላም። የጥልፉ ሒሳብ ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው። ርካሹ ሸሚዝ በተቀየረ ቁጥር ጥልፉንም እንደገና ይከፍላሉ። ስንት እጥበት እንደሚኖር አቅራቢው የሚነግርዎትን ብቻ አይመኑ፤ ጥገናና ምትክ የሚሰጥበትን ጊዜ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ኪራይም አለ። አንዳንድ አቅራቢዎች ልብሱን ያከራያሉ፣ ወስደው ያጥባሉ፣ የተቀደደውን ይሰፋሉ። ኬሚካል ለሚነኩና በጣም ለሚቆሽሹ ሥራዎች ጥሩ ነው። ለሦስት ጽዳት ሠራተኛ ግን አያዋጣም። ውሉ ላይ የሚቆይበትን ዓመት፣ ልብስ ሲጠፋ የሚጠየቀውን ክፍያና ሠራተኛ ሲቀንስ ሒሳቡ አብሮ መቀነሱን ይመልከቱ።

10. የአጠባበቁ ነገርና የመመለሻው ደንብ

ልብሱ ሲታደል አንድ ገጽ ወረቀት አብሮ ይሰጥ። ህትመት ያለበት ልብስ ተገልብጦ ይታጠባል፤ ካውያ ህትመቱ ላይ በቀጥታ አያርፍም። እሳት የሚቋቋም ልብስ ላይ በረኪናም ሆነ የጨርቅ ማለስለሻ አይጨመርም፤ በረኪናው መከላከያውን ያበላሻል፤ ማለስለሻው ደግሞ ጨርቁ ላይ የሚቀጣጠል ነገር ይተዋል። ላብ ቶሎ እንዲያደርቅ የተሠራ ፖሊስተርም ማለስለሻ አይወድም። የተቀደደ እሳት የሚቋቋም ልብስ በተራ የፖሊስተር ክር አይሰፋም።

ያው ወረቀት ላይ ደንቡን ጨምሩበት። ዩኒፎርም ለብሶ መጠጥ ቤት መግባት፣ የግል ሥራ መሥራት፣ ለጓደኛ ማዋስ አይቻልም። ልብሱ በማን ገንዘብ እንደተገዛ፣ ሲቀደድ ማን እንደሚተካ በግልጽ ይጻፍ። ከደመወዝ ለመቁረጥ ካሰቡ መጀመሪያ ያሉበትን አገር የሠራተኛ ሕግ ይጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ገደብ አለው። እኔ ሲቆረጥ አልወድም። ሠራተኛው በራሱ ገንዘብ የገዛው ልብስ ሲቀደድ ለመቀየር ይለግማል፤ የተቀዳደደውን የሚያየው ደግሞ የእርስዎ ደንበኛ ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው የሰጡትን በቁጥር መዝግበው ያስፈርሙ። ሲለቅ በዚያው ወረቀት ይመለስ። ይህ የሸሚዝ ንፍገት አይደለም። ሎጎ ያለበት ሸሚዝ ለብሶ በር የሚያንኳኳ ሰው ይከፈትለታል፤ ከድርጅቱ ጋር ግንኙነት ባይኖረውም። ያረጀውንም እንዲሁ አይጣሉት፣ ለማንም አይስጡት። ጥልፉን ቆርጠው ያውጡ፣ የታተመውን በመቀስ ይቀዳዱ፤ የቀረው ጨርቅ ለመወልወያ ይሆናል። ያስወገዱትን ቁጥርም ያው መዝገብ ላይ ያስፍሩ፤ ዋናው ድርጅት ሲጠይቅ የሚያሳዩት እሱን ነው።